ማታ ማታ የሚጠፋው ሲግናል፦ በጎንደር የአንድ መኖሪያ ቤት የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ባሉት ወራት በጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የእጅ ስልክ ሲግናል ለምን እንደሚደክም የተደረገውን ፍተሻና በመጨረሻ የተገኘውን መላ ይተርካል። ቤቱ የአክስቴ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ «እታለም» እያለ ስለሚጠራቸው እኔም በዚህ ጽሑፍ እንዲሁ እላቸዋለሁ። መተዳደሪያዬ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የስልክ ጥገና ነው፤ ወደዚህ ቤት የገባሁት ግን እንደ ጠጋኝ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው፤ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸውና።

እታለም ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውና ኢንሱሊን የሚወጉ ናቸው። አብራቸው የምትኖረው የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ብቻ ናት። ቤይሩት የምትሠራው ልጃቸው የምትደውለው የቀን ሥራዋን ጨርሳ ነው፤ ያም በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከግንቦት ወር ጀምሮ ይህ ጥሪ በአብዛኛው አይገባም ነበር፤ ደዋይዋ የምትሰማው ደንበኛዋን ማግኘት እንዳልተቻለ የሚገልጸውን የተቀዳ ድምፅ ነው። ቢገባም እታለም «ሃሎ፣ ሃሎ» እያሉ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ግቢ ሲወጡ ይቋረጣል። በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ አንድ ሌሊት የእታለም ስኳር ከመጠን በላይ ወረደ። ልጅቱ፣ ማለትም የልጅ ልጃቸው፣ ከመኝታ ቤት ወደ እኔ ደጋግማ ብትደውልም አልሆነላትም፤ በዝናብ ወጥታ እስከ ግቢው በር ከሮጠች በኋላ በሦስተኛው ሙከራ አገኘችኝ። ስኳር በውሃ በጥብጣ እንድታጠጣቸው ነገርኳት፤ እኔ ስደርስ ነፍሳቸው መለስ ብሎ ነበር። ከመኝታ ቤቱ እስከ ግቢው በር 20 እርምጃ ያህል ነው። ሕፃኗ በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ዝናብ፣ አያቷን ብቻቸውን ትታ ያንን 20 እርምጃ መሮጧ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ በማግሥቱ ጠዋት ደብተርና እርሳስ ይዤ ሄድኩ።

ሰው ሁሉ የሚለው

ጎረቤቱም ዘመዱም የየራሱ ማብራሪያ ነበረው። አብዛኛው ሰው «ማታ ማታ ሕዝቡ ሁሉ ስልክ ላይ ስለሆነ ኔትወርኩ ይጨናነቃል» ይላል፤ ይህ አባባል ቀን ደህና የሚሠራው ስልክ ማታ ለምን እንደሚጠፋ የሚያስረዳ ስለሚመስል ማንም አልተከራከረውም። ሌላው ስልኩ አርጅቷል አለ፤ ልጃቸው ከቤይሩት አዲስ ስልክ ላከችላቸው፤ ምንም አልተለወጠም። አንድ ዘመድ ደግሞ ከስልኩ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ወርቃማ ቀለም ያለው ስስ ተለጣፊ «የአንቴና ማጉያ ነው» ተብሎ ገዝቶ መጣ። ይህ ተለጣፊ ከስልኩ አንቴና ጋር በምንም የማይገናኝና ኃይል የማይቀበል ቁራጭ ስለሆነ ሊያጎላው የሚችለው ነገር የለም፤ እንዲያውም አንቴናው ባለበት ቦታ ላይ ከተለጠፈ ሊጋርደው ይችላል።

የመጨረሻው ምክር ቡስተር የሚባለውን የሲግናል ማጉያ መሣሪያ መግዛት ነበር። የተጠራው ዋጋ ከእታለም የወር ጡረታ በብዙ የሚበልጥ ቢሆንም ልገዛው ተቃርቤ ነበር። ያቆመኝ ነገር ቢኖር፣ የሚጎላው ሲግናል በየት በኩል እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ ማጉያ መግዛት፣ ሕመሙ ሳይመረመር መድኃኒት እንደመዋጥ ስለመሰለኝ ነው።

መለኪያው

በስልኩ አናት ላይ የሚታዩት ዘንጎች ለዚህ ሥራ አይበቁም። አንዱ ዘንግ ስንት እንደሆነ የሚወስነው ስልኩን የሠራው ፋብሪካ ስለሆነ በአንዱ ስልክ ላይ ሦስት ዘንግ የሚሞላ ሲግናል በሌላው ላይ ሁለት ብቻ ሊሞላ ይችላል። ትክክለኛው ቁጥር ግን ስልኩ ውስጥ አለ። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ክፍል ከፍቶ የሲም ካርዱን ሁኔታ የተመለከተ ሰው የሲግናሉን ጥንካሬ በዲቢኤም፣ ማለትም በዴሲቤል በሚቆጠር የኃይል መለኪያ፣ ተጽፎ ያገኘዋል፤ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ *#*#4636#*#* ብሎ መጻፍም፣ በአይፎን ደግሞ *3001#12345#* ብሎ መደወል ወደዚሁ መረጃ ያደርሳል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ የበረታ ነው። በ4ጂ ከ-90 የተሻለ ቁጥር ጥሩ የሚባል ነው፤ -100 አካባቢ ያሠራል፤ ከ-110 ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል፤ -120 ሲደርስ ስልኩ አገልግሎት የለም ወደ ማለት ይቃረባል።

ይህ መለኪያ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ በእኩል እርከን የሚሄድ አይደለም። 3 ዴሲቤል ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ 10 ሲቀንስ ወደ አንድ አሥረኛ፣ 20 ሲቀንስ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከ-100 ወደ -110 መውረድ ለዓይን ትንሽ ቢመስልም ከአሥሩ እጅ ዘጠኙን ማጣት ነው። በተጨማሪም የ2ጂ፣ የ3ጂና የ4ጂ ቁጥሮች የሚለኩበት መንገድ ስለሚለያይ እርስ በርስ አይነጻጸሩም፤ ስለሆነም በመለኪያው ጊዜ ሁሉ ስልኩ በ4ጂ ላይ ብቻ እንዲቆይ አደረግሁ።

በቤቱ ውስጥና ዙሪያ 9 ቦታዎችን መርጬ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። በየቦታው ስልኩን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን አንስቼ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ከጠበቅሁ በኋላ የታየውን ቁጥር ጻፍሁ፤ ስልክ በእጅ ሲያዝ መዳፍ አንቴናውን ስለሚሸፍነው ቁጥሩ ይወርዳልና። ይህን ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ለሦስት ቀናት ደጋገምሁት። ከቁጥሩ ጎን ስልኩ የያዘውን የሴል መለያ ቁጥር መዘገብሁ፤ ይህ መለያ ስልኩ ከየትኛው ማማ ጋር እንደተያያዘ ስለሚያሳውቅ በኋላ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እርሱ ነው።

ቤቱ

ቤቱ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት በእታለም አማት የተሠራ ሲሆን ፊቱ ከፒያሳ ወደሚወርደው መንገድ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባው ደግሞ ወደ ቀሃ ይመለከታል። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ከድንጋይና ከኖራ የተገነቡ ናቸው፤ የግድግዳቸው ውፍረት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፋሲል ግቢ ጀምሮ የጎንደር ግንበኛ የተካነበት ይህ አሠራር ቤትን ከብርድም ከሙቀትም ይጠብቃል፤ የሬዲዮ ሞገድንም በዚያው ልክ ያዳክማል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በቆርቆሮ ሥር ለሚኖር ሰው ሲግናል የሚገባለት በመስኮትና በበር በኩል ነው። ከኋላ በኩል በብሎኬት የተጨመረ ማድ ቤትና ጠባብ በረንዳ አለ፤ የማድ ቤቱ መስኮት ባለ መስታወት ሆኖ ወደ ቀሃ ሸለቆ ይከፈታል።

ማማው ቅርብ ሆኖ ለምን አልጠቀመም

በመጀመሪያው ቀን ልለካ ጀምሬ ሳልጨርስ ተሳሳትሁ። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ በላይ ባለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የኔትወርክ አንቴናዎች ቆመው በዓይን ይታያሉ፤ አግድም ርቀታቸው 150 ሜትር ገደማ ነው። ማማ በዓይን ከታየ ሲግናሉ በዚያ በኩል ነው ብዬ የእታለምን ስልክ ከሳሎኑ የፊት መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጥሁና ሄድሁ። በዚያ ምሽትም ከቤይሩት የተደወለው አልገባም።

በማግሥቱ የተሟላው መለኪያ ግራ አጋባኝ። ማማው ከሚታይበት የፊት መስኮት ደፍ ላይ ቁጥሩ -105 ነበር፤ ከግቢው በር -101፤ ማማው ጨርሶ ከማይታይበት የኋላ በረንዳ ግን -93። ከመንገድ ጀርባ፣ በሸለቆ በኩል፣ የተሻለ ሲግናል መገኘቱን ለእታለም ስነግራቸው «እንግዲያ ከቀሃ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉኝ። እውነትም ከዚያ በኩል ነበር የሚመጣው።

የማማ አንቴና እንደ አምፖል ዙሪያውን ሁሉ እኩል አያበራም። ሞገዱን በቁመት አቅጣጫ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ በሚሰፋ ጠባብ ጨረር አድርጎ ወደ ሩቅ ይልከዋል፤ ወደ ታችም የሚያዘነብለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። የእታለም ቤት ከመንገዱ በታች በቁልቁለቱ ላይ ስላለ ከአንቴናው 60 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ በ150 ሜትር ርቀት 60 ሜትር ዝቅ ማለት ከአንቴናው ሲታይ ከ20 ዲግሪ በላይ ቁልቁል መሆን ነው። ዋናው ጨረር ከጣሪያችን በላይ አልፎ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ ለእኛ የሚደርሰን ከጨረሩ ጎን የሚንጠባጠበው ብቻ ሲሆን እርሱንም የመንገዱ ድጋፍ ግንብ ከፊሉን ይጋርደዋል። ጎንደር በኮረብታና በሸለቆ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ይህ ነገር የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም፤ ማማ ከአናቱ ላይ ቆሞ ሲግናል አጣሁ የሚል ሰው ሁሉ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ዞሮ ቢለካ ደስ ይለኛል።

የኋላ በረንዳው የሴል መለያ ከፊተኛው የተለየ ነበር። ልጅቱና እኔ ያንን መለያ በስልካችን እየተከታተልን ቀሃን ተሻግረን በቁስቋም አቅጣጫ ወዳለው ከፍታ ወጣን፤ መለያው ሳይለወጥ ቁጥሩ እየበረታ ሄዶ ከአንድ ማማ አጠገብ አደረሰን። ከዚያ ቆመን ወደ ኋላ ስንመለከት የእታለም ቆርቆሮ፣ ከጎኑም ያለው ባሕር ዛፍ ወለል ብለው ይታያሉ። ርቀቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ነገር ግን በመካከሉ ከአየር በስተቀር ምንም የለም። በክፍት ቦታ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚጠፋው 6 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ አንድ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ብቻውን ከዚህ በእጅጉ የሚበልጥ ሊወስድ ይችላል።

ላሜራው

የቀረው እንቆቅልሽ የማታው ነበር። በሦስቱ ቀናት መዝገብ ላይ በረንዳው ጠዋትም ማታም ያው ነው፤ ልዩነቱ ከ3 ዴሲቤል አይበልጥም። ማድ ቤቱም እንዲሁ -98 አካባቢ ይመላለሳል። ሳሎኑ ግን ቀን -107፣ ማታ -118፤ መኝታ ቤቱ ቀን -104፣ ማታ -121 ነው። መጨናነቅ ቢሆን ኖሮ በረንዳው ላይም በታየ ነበር። ደግሞም መጨናነቅ የሚያጠፋው የማማውን የአገልግሎት ፋታና የግንኙነቱን ጥራት ነው እንጂ ከማማው የሚመጣውን ሞገድ ጥንካሬ እንዲህ አይጥለውም። ስለዚህ ማታ የሚለወጠው ኔትወርኩ ሳይሆን ሁለቱ ክፍሎች ራሳቸው መሆን ነበረባቸው።

«እታለም፣ ማታ ስልኩን የት ያስቀምጡታል?» አልኳቸው።

«ሳሎን፣ ሶኬቱ ላይ ነዋ። የት ላኑረው ልጄ፤ ሌላ ሶኬት መቼ አለና።»

«መስኮቱንስ መቼ ይዘጉታል?»

«ጀምበር ስትጠልቅ። ላሜራውን ካልቀረቀርኩ እንቅልፍም አይወስደኝ።»

ላሜራው የተገጠመው ከፋሲካ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነበር፤ በሰፈሩ ሌባ በዛ ተብሎ የጥንቱ የእንጨት መዝጊያ ወጥቶ የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ የውጭ በርና መስኮት በሙሉ በብረት ተለወጠ። ጥሪው መጥፋት የጀመረውም ከዚያው ከግንቦት ወዲህ ነው። ቀን ቀን መስኮቶቹ ተከፍተው ስለሚውሉ ስልኩ ይሠራል፤ ማታ ላሜራው ሲቀረቀር ግን መኝታ ቤቱ ከላይ በቆርቆሮ፣ ከጎን በ60 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ፣ በቀሩት ቀዳዳዎች በብረት የታሸገ ሣጥን ይሆናል። በዚያው ምሽት በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኝታ ቤቱን ላሜራ አምስት ጊዜ ከፍቼ አምስት ጊዜ ዘጋሁ፤ በተከፈተ ቁጥር ወደ -104፣ በተዘጋ ቁጥር ወደ -121 ተመላለሰ። ልዩነቱ 17 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ማለት ወደ ክፍሉ የሚገባው ኃይል ወደ አንድ ሃምሳኛ ይወርዳል ማለት ነው። እታለም አጠገቤ ቆመው ቁጥሩ ሲወርድና ሲወጣ ካዩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ሌባ ዘጋሁ ብዬ ልጄን ነው የዘጋሁት» አሉ። በዚህ ነገር እርሳቸውን ሊወቅስ የሚችል ሰው የለም፤ ላሜራውን ያስገጠምነው እኛ ነን፤ የሚያደርገውን ማወቅ የነበረብኝም ባለሙያው እኔ ነበርሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አብሮ ተፈታ። የእታለም ስልክ ጠዋት ሙሉ ሆኖ ማታ ባትሪው ያልቅ ነበር፤ ባትሪው ክፉ ነው ተብሎም ታምቶ ነበር። ስልክ ከማማው የሚያገኘው ሲግናል ሲደክም እርሱም በበኩሉ የሚልከውን ኃይል እስከ ጫፍ ያሳድጋል፤ በ4ጂ እስከ 0.2 ዋት፣ በ900 ሜጋኸርዝ 2ጂ ደግሞ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ከዚያም በላይ ሲግናል ፍለጋ ያለማቋረጥ ይባዝናል። ባትሪውን ይበላው የነበረው ይህ ልፋት ነው።

የተወሰደው መላ

መጀመሪያ የተደረገው ምንም ወጪ ያልጠየቀው ነው። ስልኩ ከሳሎኑ ሶኬት ተነሥቶ ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ተዛወረ፤ ከሳሎን በማካፈያ መብራት ስበን ቻርጀሩ እዚያው እንዲሆን አደረግን። ከልጅቱ ጋር ሆነን አንድ ትምህርትም ወሰድን፤ ስልኩ ከውጭ ወደ ቤት ሲገባ የቀድሞውን ደካማ ሴል ሙጭጭ ብሎ ሲይዝ የበረራ ሁኔታውን ለጥቂት ሰከንድ ከፍቶ መዝጋት እንደ አዲስ የተሻለውን እንዲመርጥ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የእታለም የቆየ ባለ ቁልፍ ስልክ ከመሳቢያ ወጣ። ይህ ስልክ የሚሠራው በ2ጂ ነው፤ የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም 17 ሴንቲ ሜትር ከሚሆነው የ1800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ይልቅ በግድግዳ ለማለፍም እንቅፋትን ዞሮ ለመምጣትም ይሻላል። ሳሎኑ ተዘግቶ ወደ እያንዳንዱ ስልክ አሥር አሥር ጊዜ ደወልሁ፤ አዲሱ ሁለት ጊዜ ሲጠራ አሮጌው ሰባት ጊዜ ጠራ። በማድ ቤቱ መስኮት ላይ ሲቀመጥ አሥሩንም ጠራ። ከዚያ ወዲህ ለመደበኛ ጥሪ የሚያገለግለው ይኸው ስልክ ነው፤ ቦታውም የማድ ቤቱ መስኮት ደፍ ሆነ።

ሆኖም ስልኩ ማድ ቤት ሆኖ እታለም መኝታ ቤት ናቸው፤ በሌሊት የደረሰው ነገር የደረሰው ደግሞ መኝታ ቤት ነው። ላሜራው ይውጣ ብል አይሆንም፤ እርሳቸው ያለ ላሜራ አይተኙም፤ ብቻቸውን ከአንዲት ልጅ ጋር ለሚያድሩ ሴት ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው። ስለዚህ ሲግናሉን ከውጭ ተቀብሎ በገመድ ወደ ውስጥ ማስገባት አስፈለገ።

ለዚህ የመረጥነው ሲም ካርድ የሚወስድና የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው የ4ጂ ራውተር ነው። ራውተሩን ብቻውን በማድ ቤቱ መስኮት ላይ ስናስቀምጠው -97 አነበበ፤ ይህ ለሥራ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ከቤቱ ጎን ያለው ባሕር ዛፍ በክረምት ቅጠሉ በውሃ ሲርስ ቁጥሩ ወደ -101 እንደሚወርድ ከመዝገቡ ስላየሁ ህዳግ ፈለግሁ። ከበረንዳው ጥግ አንድ የውሃ ቱቦ ብረት ከቆርቆሮው ሦስት ሜትር ከፍ እንዲል አቆምን፤ በእርሱም ላይ እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደሩ ዘንጎች ያሏቸው ሁለት አንቴናዎች፣ አንዱ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ሌላው 45 ዲግሪ ወደ ግራ ተጋድመው ታሰሩ። ሁለት የሆኑበት ምክንያት 4ጂ በሁለት የተለያየ አጋዳደም የሚመጡ ሞገዶችን በአንድ ጊዜ ስለሚቀበል ነው። ልጅቱ ከታች የራውተሩን ቁጥር እያነበበች፣ እኔ ከላይ በአንድ ጊዜ አምስት ዲግሪ ያህል እያዞርሁ አቅጣጫውን ፈለግን፤ ከፍተኛው ቁጥር የተገኘው አንቴናው በቀጥታ ወደዚያ ወደ ቀሃ ማዶው ማማ ሲመለከት ነበር፤ -86።

ስለ ገመዱ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው በዚህ ላይ ገንዘቡን ያለ አግባብ ያወጣልና። ባለሙያ ሁሉ ለዚህ ሥራ 50 ኦም የሚባለው የገመድ ዓይነት እንዲገዛ ይመክራል፤ ምክሩ ልክ ነው። እኛ ግን የተጠቀምነው ከዲሽ ሥራ የተረፈ 75 ኦም ገመድ ነው። የ75 ኦሙን ገመድ ለ50 ኦም ከተሠራ መሣሪያ ጋር ማገናኘት በራሱ የሚያጠፋው ከአንድ ዴሲቤል ሩብ ያነሰ ነው፤ ዋናው ጥፋት ከርዝመት ይመጣል፤ 8 ሜትር የዲሽ ገመድ በ1800 ሜጋኸርዝ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይወስዳል። ገመዱን 25 ሜትር ስበን ሳሎን ድረስ አስገብተነው ቢሆን ኖሮ አንቴናው የጨመረውን አብዛኛውን ገመዱ በበላው ነበር። ስለዚህ ራውተሩን ከአንቴናው ሥር፣ ማድ ቤት ውስጥ አስቀመጥነው፤ ከዚያ ወደ መኝታ ቤት የሚሄደው ዋይፋይ በውስጠኛው የእንጨት በር በኩል ያለ ችግር ይደርሳል። ከውጭ ያሉትን መገጣጠሚያዎች በናስትሮ ደጋግመን ጠቀለልን፤ ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ዝናቡ ወደ ውስጥ እንዳይከተለው ወደ ታች እንዲቆለመም ተደረገ። የጎንደር ክረምት መብረቅ የሚበዛበት ስለሆነ የብረቱ ምሰሶ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር ተያይዟል፤ ልጅቱም ነጎድጓድ ሲቀርብ የአንቴናውን ገመድ ከራውተሩ እንድትነቅል ታውቃለች።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ እንዳይጠፋ 12 ቮልት የሚሰጥ አነስተኛ የባትሪ ሣጥን ተጨመረለት፤ አራት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። የቤይሩቷ ልጅ አሁን የምትደውለው በኢሞ ወይም በቴሌግራም ነው። ለሌሊት ችግርም ልጅቱ ከአልጋው አጠገብ ሆና በቴሌግራም ትደውልልኛለች፤ ለዚህ ሲባል የእኔ ስልክ ዳታ ሌሊት አይዘጋም። ኢንተርኔቱ ባይኖር ደግሞ ባለ ቁልፉ ስልክ ከአልጋዋ ስድስት እርምጃ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር አለ።

ቡስተሩ ለምን ቀረ

በመጨረሻ ቡስተሩን ያልገዛነው ስለ ዋጋው ብቻ አይደለም። ቡስተር ከውጭ አንቴና የተቀበለውን አጉልቶ በውስጥ አንቴና ያሠራጫል፤ ከስልኩ የሚመጣውንም አጉልቶ ወደ ማማው ይልካል። ሁለቱ አንቴናዎች በበቂ ሁኔታ ካልተራራቁ ወይም ካልተጋረዱ የውስጡ ሲግናል በውጩ ተመልሶ እየገባ፣ ማይክራፎን ከድምፅ ማጉያ ፊት ሲቆም እንደሚጮኸው፣ መሣሪያው ራሱ መጮህ ይጀምራል። ያ ጩኸት ለሰው ጆሮ አይሰማም፤ ማማው ግን ይሰማዋል፤ በዙሪያው ያለው ሰፈር ሁሉ ጥሪው ይቆራረጣል። የሬዲዮ ሞገድ የአገር ሀብት ነው፤ አስተዳደሩም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ነው። በቴሌኮም ድርጅት ሞገድ ላይ ያለ ፈቃድ የሚያሠራጭ መሣሪያ መትከል ተገቢ አይደለም። የእኛ አንቴና ግን ከራሱ ከራውተሩ ከሚወጣው ውጪ የሚያጎላው ነገር ስለሌለ ማንንም አይረብሽም። የእታለምን ጥሪ ለማስገባት የጎረቤትን የስኳር ሕመምተኛ ጥሪ ማቋረጥ አልፈለግሁም።

ከመስከረም እስከ ጥር

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ልጅቱ በየምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቁጥሩንና ጥሪው መግባት አለመግባቱን ትጽፍ ነበር። በጥቅምት ዝናቡ አቁሞ ባሕር ዛፉ ሲደርቅ ቁጥሩ ወደ -83 ተሻሻለ። በእነዚህ ወራት ጥሪው ሳይገባ የቀረባቸው ምሽቶች የነበሩ ሲሆን አብዛኞቹ በሰፈሩ መብራት ለረጅም ጊዜ የጠፋባቸው ናቸው፤ የማማው የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ሲያልቅ በቤት ውስጥ የሚደረግ ምንም ዘዴ የለም፤ መዝገቡም በእነዚያ ሌሊቶች ባዶ ነው።

በጥር ግን ሌላ ዓይነት ምሽት ገጠመን። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወርደው የቀሃ ዳርቻ በሕዝብ ተሞላ። የራውተሩ ቁጥር እንደ ወትሮው -84 ነበር፤ ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ኢሞውም ቴሌግራሙም እየዞረ ይቀራል፤ ባለ ቁልፉ ስልክም ዘንጎቹ ሞልተው ጥሪ አያሳልፍም። ቀድሞ ሰው ሁሉ ይለው የነበረው መጨናነቅ ማለት ይህ ነው፤ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ መንገዱ የተዘጋ። ልጅቱ ለሁለቱ ምሽቶች በደብተሩ ላይ ቁጥሩን ጽፋ ከጎኑ «አልገባም» ብላለች። አንቴናውንም አልነካነው፤ የሚነካ ነገር አልነበረበትምና።

ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ታቦቱ ወደ ደብሩ ከተመለሰ በኋላ ሰፈሩ ረጭ አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጠራ። እታለም አልጋቸው ላይ ሆነው አነሡት፤ ላሜራው ተቀርቅሯል። ልጅቱ በመዝገቡ ላይ -84 ብላ ጽፋ፣ ከጎኑ ያወሩበትን ጊዜ ጨመረች፤ 47 ደቂቃ።